የጀርመን ሰርጓጅ መርከበኞችን የመታሰቢያ ካርድ ከሐዋሳ ሆኖ መሰብሰብ

ከሐዋሳ ሆኖ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰርጓጅ መርከብ ዘምተው የሞቱ ጀርመናውያንን የመታሰቢያ ካርድ መሰብሰብ ይቻላል ወይ ለምትሉ፣ በደንብ ይቻላል። የሚያስፈልገው ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ ትንሽ ገንዘብና ብዙ ትዕግሥት ነው። ግን ገና ሳትጀምሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካርዱን መግዛት ቀላሉ ነገር ነው። ዋናው ሥራ ፎቶው ላይ ያለው ልጅ በየትኛው ሰርጓጅ እንደዘመተና ያ ሰርጓጅ የት እንደቀረ ማወቅ ነው። ካርዱ ብዙ ጊዜ ይህን አይነግራችሁም። ስለዚህ ሃምሳ ካርድ ገዝቶ ከመደርደር፣ አምስት ይዞ እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው መከታተል ይሻላል።

ካርዱ ምንድን ነው? በደቡብ ጀርመን፣ በተለይ በባቫሪያ፣ በኦስትሪያና በራይን አካባቢ ያሉ ካቶሊኮች ሰው ሲሞትባቸው ትንሽ ካርድ ያሳትማሉ። ሽተርበቢልድ ይሉታል፤ በራይን በኩል ደግሞ ቶተንፀተል። ለነፍሱ በሚደረገው ቅዳሴ ላይ ለመጣው ሰው ይታደላል። ሰዉም የጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ያስቀምጠውና መጽሐፉን በከፈተ ቁጥር ለሟቹ አባታችን ሆይ ይደግምለታል። እኛ አገር ለሙት ዓመት ፎቶና የሕይወት ታሪክ አሳትመን እንደምናድለው በሉት።

መጠኑ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ወርድ፤ አንዳንዱ እንደ መጽሐፍ ታጥፎ አራት ገጽ ይሆናል። በአንዱ በኩል ስቅለቱ ወይም እመቤታችን፣ አንዳንዴም የወደቀ ወታደር ላይ ጎንበስ ያለ ክርስቶስ ታትሟል። በሌላው በኩል ፎቶው አለ፤ ባለ ጥብጣብ ቆብ ያደረገ፣ ሰፊ ኮሌታው ትከሻው ላይ የተዘረጋ፣ ብዙ ጊዜ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ። ከሥሩ ስም፣ ማዕረግ፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን፣ አጭር ጸሎት። ከሁሉም በታች በጣም በደቃቅ ፊደል የማተሚያ ቤቱና የከተማው ስም ሊኖር ይችላል። ይህቺን መስመር ብዙ ሰው አያያትም፤ እናንተ ግን እዩዋት። የሟቹን መንደር ስታፈላልጉ ትረዳችኋለች።

የሰርጓጅ መርከበኛ ካርድ ከእግረኛ ወታደሩ ካርድ ይልቅ ለምን አነሰ? አንደኛ፣ ቁጥራቸውም ያንሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰርጓጅ ከዘመቱት ወደ 40 ሺህ ከሚሆኑ ጀርመናውያን ወደ 30 ሺህ የሚጠጉት አልተመለሱም። ከአራት ሦስቱ ማለት ነው። በእግረኛ የሞተው ግን በሚሊዮን ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ የባሕር ኃይሉ ሰው ከመላው ጀርመን የተሰበሰበ ነው፤ ሰሜኑ ደግሞ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት ስለሆነ ይህ ልማድ የለውም። ካርድ ያላቸው በአብዛኛው ባሕር ሳያዩ ያደጉ የተራራና የገጠር ልጆች ናቸው። እኔ ይህን ሥራ የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከባቫሪያ የእርሻ መንደር ተነስቶ አትላንቲክ ውስጥ የቀረ ልጅ ታሪክ ከአንድ ካርድ ጀርባ አለ፤ ፈልጎ የሚያወጣው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ንባቡ። ጀርመንኛ መቻል አይጠበቅባችሁም፤ ጥቂት ቃላት ይበቃሉ። «ገቦረን» የሚለው ወይም ምህጻሩ ካለ የተወለደበት ነው። «ገፋለን» ሲል በጦርነት ወደቀ፣ «ፈርሚስት» ሲል ደብዛው ጠፋ። «ፋይንድፋርት» ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ለውጊያ የተወጣ የባሕር ጉዞ ማለት ነው፣ በሰርጓጅ መርከበኞች ካርድ ላይ ደጋግሞ ይመጣል። የእነዚህን ቃላት የጀርመንኛ አጻጻፍ ከአንድ የሽያጭ ገጽ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ለፍለጋም ይሆናችኋል።

አስቸጋሪው ፊደሉ ነው። ብዙ ካርድ ፍራክቱር በሚባለው አሮጌ የጀርመን ፊደል ታትሟል። እዚያ ውስጥ «ስ» ተብሎ የሚነበበው ረጅሙ ፊደል ቁርጥ «ፍ» ተብሎ የሚነበበውን ይመስላል። ካፒታሉ «ብ» እና «ፍ» ተብሎ የሚነበበው ሌላ ካፒታል ፊደል ይምታታሉ፤ «ን» እና «ር»ም እንደዚያው። በተለይ የአባት ስም ላይ አንድ ፊደል ከሳታችሁ ሙሉ ፍለጋው ገደል ይገባል። የስልካችሁ ካሜራ ተርጓሚ ይረዳል፣ ግን ስሙን በእርሱ ብቻ አትመኑ። በካርዱ ላይ ያንኑ ፊደል በሌላ በምታውቁት ቃል ውስጥ ፈልጉና አስተያዩት።

ማዕረጉ ደግሞ ልጁ መርከቡ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ይነግራችኋል። ቃሉ «ማሺነን» ብሎ ከጀመረ ሞተር ክፍል ነው፤ ዲዝሉና የኤሌክትሪክ ሞተሩ ዘንድ። «ፉንክ» ከሆነ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነው። «ሜካኒከር» ካለ ብዙ ጊዜ ቶርፔዶዎቹን የሚንከባከብ፣ «ማትሮዘን» ካለ ደግሞ የመርከብ ላይ መርከበኛ፦ ተራ ጥበቃ የሚቆም፣ መድፍ የሚይዝ። በብዛት የተሠራው ሰባት-ሲ የሚባለው ዓይነት ሰርጓጅ 67 ሜትር ግድም ርዝመት ኖሮት ወደ 50 ሰው ይይዝ ነበር። ይህን ስታስቡ ማዕረጉ ደረቅ ቃል አይሆንባችሁም። ልጁ የትኛው ጥግ ላይ እንደነበር ታውቃላችሁ።

የሰርጓጁ ቁጥር ግን ካርዱ ላይ አይጠበቅም። ጦርነት ነው፣ ምስጢር ነው። ቤተሰቡም ደብዳቤ የሚልከው ከፊቱ «ኤም» ባለበት የጦር ሜዳ ፖስታ ቁጥር ነበር። ቆቡ ላይ ያለው ጥብጣብም አይጠቅማችሁም፤ ከጦርነቱ መጀመሪያ ወዲህ «ክሪግስማሪነ» ብቻ ነው የሚለው፣ ማለትም የባሕር ኃይል። ደረቱ ላይ የአበባ ጉንጉን የከበበው ሰርጓጅ ያለበት ባጅ ካያችሁ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ በኦክቶበር 1939 የተቋቋመ የሰርጓጅ ዘማቾች ምልክት ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ባይኖርም ተስፋ አትቁረጡ። በመጀመሪያ ጉዞው የሞተ ልጅ ባጁን ለማግኘት ጊዜ አልነበረውም። ካርዱ ከአሮጌ ፖስታ ወይም ደብዳቤ ጋር ከተሸጠ ደግሞ ፖስታውን አትተዉት፤ ያ የ«ኤም» ቁጥር በቀጥታ ወደ ሰርጓጁ ሊወስዳችሁ ይችላል።

እንግዲህ ሰርጓጁን የምናገኘው በቀኑና በቦታው ነው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። ካርዱ 30.7.1943 ይላል እንበል፣ ቦታው ደግሞ የቢስካይ ባሕረ ሰላጤ። ዩቦት ዶት ኔት የሚባለው ገጽ ላይ በዚያ ቀን የጠፉትን ሰርጓጆች ታያላችሁ። ዩ-43 ያን ቀን ነው የጠፋው፣ ግን ከአዞር ደሴቶች በስተደቡብ ምዕራብ ነው። ዩ-591ም ያን ቀን ነው፣ እርሱ ደግሞ ብራዚል ዳርቻ ነው። ሁለቱን ሰረዝን። ቢስካይ ላይ በአንድ ውጊያ የሰመጡት ሦስት ናቸው፦ ዩ-461፣ ዩ-462 እና ዩ-504። አሁን ጠበብ እናድርገው። ከዩ-462 የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ የእናንተ ልጅ የዚያ መሆኑ ጠባብ ዕድል ነው፣ ግን ያንን አንድ ስም ማየት ግድ ነው። ከዩ-461 የተረፉ 15 ናቸው። ከዩ-504 ማንም አልተረፈም። ከዚህ በኋላ የሟቾቹን ስም ዝርዝር ከፍታችሁ የአባት ስም፣ የልደት ቀንና ማዕረግ ታመሳክራላችሁ። ስም ብቻ ገጠመ ብላችሁ እንዳታቆሙ። በጀርመን ተመሳሳይ ስም ሞልቷል። የልደት ቀኑ ሲገጥም ነው ልባችሁ የሚያርፈው።

የስም ዝርዝሩን ከሁለት ቦታ እዩ። የጀርመን የጦር መቃብር ጥበቃ ማኅበር፣ ፎልክስቡንድ የሚባለው፣ በኢንተርኔት በስምና በልደት ቀን እንድትፈልጉ ያስችላችኋል፤ በነጻ ነው። ሌላው ኪል አጠገብ ሞልተኖርት ላይ ያለው የሰርጓጅ መርከበኞች መታሰቢያ ነው። እዚያ የሟቾቹ ስም በየሰርጓጁ ተከፍሎ በነሐስ ሰሌዳ ላይ ተቀርጿል፤ የብዙዎቹን ሰሌዳዎች ጽሑፍ ሰዎች ገልብጠው ኢንተርኔት ላይ አውጥተውታል። ሌላው ሁሉ ካልሠራ በርሊን ያለው የፌዴራል ቤተ መዛግብት አለ፤ የወታደሮቹን መዝገብ የያዘው የቀድሞው መሥሪያ ቤት በ2019 ወደ እርሱ ተጠቃሏል። እዚያ መልስ ይዘገያል፣ ለመጨረሻ አስቀምጡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቤተሰቡ ያኔ የተነገረው ነው፤ እውነቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ዩ-869 ለረጅም ዓመታት በፌብሩዋሪ 1945 ከሞሮኮ ዳርቻ ወዲያ እንደሰመጠ ተመዝግቦ ኖረ። በ1991 ጠላቂዎች አሜሪካ ኒው ጀርሲ አጠገብ ማንነቱ ያልታወቀ ሰርጓጅ አገኙ፣ በ1997 ዩ-869 መሆኑ ተረጋገጠ። የልጆቹ ቤተሰቦች ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ሌላ ባሕር እያሰቡ ነበር የጸለዩት። ስለዚህ መዝገባችሁ ላይ ሁለት መስመር ይኑራችሁ፦ ካርዱ የሚለው አንድ፣ ዛሬ የሚታወቀው አንድ። ካርዱን እናርም ብላችሁ አንዱን አታጥፉ። ቀኖቹንም ወደ እኛ አቆጣጠር አትቀይሩ፤ በፈረንጆቹ ይቀመጡ፣ አለበለዚያ ራሳችሁ ትምታታላችሁ።

ደብዛቸው የጠፋ ተብለው በኋላ እንደሞቱ የተቆጠሩም አሉ። ለእነዚህ ካርዱ ከጦርነቱ በኋላ ሊታተም ይችላል። በሜይ 1943 ብቻ ከ40 በላይ ሰርጓጆች ጠፍተዋል፤ ከሠራተኞቹ ጋር ድምፁ ሳይሰማ የቀረ ብዙ ነው፣ ቤተሰቡም መርዶ ሳይሆን «አልተመለሰም» የሚል ደብዳቤ ነው የደረሰው። እንዲህ ያለ ካርድ ላይ ወሩ ብቻ ቢጻፍ አትገረሙ።

ለእኛ ቅርብ የሆነም አለ። ዩ-852 በማርች 1944 ፔሌውስ የምትባል የግሪክ ጭነት መርከብ አሰጠመ፤ ከዚያም ከሰርጓጁ ሰዎች አንዳንዶቹ ፍርስራሽ ላይ ተንጠላጥለው በቀሩት ሰዎች ላይ መትረየስ ተኮሱ፣ የእጅ ቦምብም ወረወሩ። በሕይወት የተገኙት ሦስት ብቻ ናቸው። ሰርጓጁ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዞሮ ከኤደን የተነሱ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቱት፣ በሜይ 3 ቀን 1944 ሶማሊያ ቤንደር ቤይላ ዳርቻ ላይ ተቀመጠ። ሰባት ሞቱ፣ የቀሩት ተማረኩ። አዛዡ ሃይንዝ-ቪልሄልም ኤክ ከሁለት መኮንኖቹ ጋር ተፈርዶበት በኖቬምበር 30 ቀን 1945 ተረሸነ።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። የምትይዙት የናዚ ጀርመን መርከበኞችን ካርድ ነው። የልጁ ፊት ያሳዝናል፣ እናቱም አልቅሳለች፤ የተሳፈረበት ሰርጓጅ ግን ስንቅና ሰው የጫኑ መርከቦችን ያሰጥም ነበር። የብሪታኒያ የንግድ መርከበኞች ብቻ ወደ 30 ሺህ ሞተዋል። እኔ በእያንዳንዱ ካርድ መዝገብ ላይ «ይህ ሰርጓጅ ምን አሰጠመ፣ ስንት ሰው ሞተ» የሚል ቦታ አለኝ፤ እናንተም ይኑራችሁ። ያ ቦታ ከሌለ መዝገቡ ግማሽ ነው ብዬ ነው የማምነው። በጀርመን የስዋስቲካ ምልክትን በአደባባይ ማሳየት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ሻጮች ፎቶው ላይ ሸፍነውት ታያላችሁ፤ ካርዱ ተበላሽቶ አይደለም። እናንተም ለማስተማር ካልሆነ አትለጥፉት፤ ለጌጥማ በፍጹም።

የጣሊያን ነገር የሚስባችሁ ካላችሁ ደግሞ እግረ መንገዴን፦ ጣሊያኖችም ተመሳሳይ ካርድ ያሳትማሉ። በ1930ዎቹ የሠሯቸው 17 ሰርጓጆች «የአድዋ ምድብ» ይባላሉ፤ ስማቸው አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ደሴ፣ ነጌሌ፣ ተምቤን፣ አሸንጌ እያለ ይቀጥላል። የወረሩንን ቦታ ስም ሰርጓጅ ላይ ጻፉት። «መቀሌ» በጁን 1940 ቀይ ባሕር ላይ ሱዳን አጠገብ ሪፍ ላይ ወጥቶ ቀረ፤ ከአየር ማቀዝቀዣው የሚያፈስ ጋዝ ሠራተኞቹን መርዞ ነበር። ይህ ራሱን የቻለ ስብስብ ይወጣዋል።

ወደ ግዢው እንምጣ። ካርዶቹ የሚገኙት ኢቤይ ላይ፣ በተለይ የጀርመኑ ገጽ ላይ፣ በጀርመን እሑድ በሚቆሙ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎችና በአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ ነው። የተራ እግረኛ ካርድ በጥቂት ዩሮ ይገኛል። «ኡ-ቦት»፣ ማለትም ሰርጓጅ፣ የሚለው ቃል የሽያጩ ርዕስ ላይ ሲገባ ዋጋው ወዲያው ያሻቅባል። ለዚህ ነው ሻጮች ማንኛውንም መርከበኛ ሰርጓጅ ላይ የሚጭኑት። መርከበኛ ሁሉ ሰርጓጅ ላይ አልነበረም፤ ፈንጂ ጠራጊ ነበረ፣ የወደብ መድፍ ነበረ። ከመክፈላችሁ በፊት ስሙንና ቀኑን ከፎቶው አንብቡና እላይ ያልኳችሁን ፍለጋ ቀድማችሁ ሥሩ። ካልገጠመ አትግዙ። ይህ በነጻ የሚሠራ ነገር ነው፣ ከዚህ የተሻለ ገንዘብ ቆጣቢ አላውቅም።

ዋጋ ሲኖር ፎርጅድም አለ። ካርዱ እጃችሁ ሲገባ በወርቅ ቤት ማጉያ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላው፣ ፎቶውን እዩት። የድሮ ማተሚያ ፎቶውን በተስተካከሉ ደቃቅ ነጥቦች ነው የሚሠራው፤ መደዳቸው የተጠበቀ ነው። የኮምፒውተር ፕሪንተር ነጥቦች ግን ባለብዙ ቀለምና የተበተኑ ናቸው። ጽሑፉን ከጀርባ በጣት ዳሰስ አድርጉት፤ ከእርሳስ ብረት የተሠራው የማተሚያ ፊደል ወረቀቱን ተጭኖ ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሸካራ ይላል። ቀጥሎ ሱቆች ብር የሚፈትሹበትን ሰማያዊ መብራት አብሩበት። የድሮ ወረቀት ደብዘዝ ብሎ ይቀራል። ከ1950ዎቹ ወዲህ ማንጫ ኬሚካል ስለገባ አዲስ ወረቀት ቦግ ይላል። ብቻ ከጦርነቱ በኋላ የታተሙ እውነተኛ ካርዶች እንዳሉ አስታውሱ፤ መብራቱ ብቻውን ዳኛ አይሁን።

ክፍያውና ማምጣቱ የኛ ራስ ምታት ነው። የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል የባንክ ካርድ ያለው ይክፈል። የሌለው ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ ዘመድ ይፈልግ፤ ሻጩ ወደ ዘመዱ ይላክ፣ ዘመዱ ሰው ሲመጣ ያስይዝ። ለሚያመጣው ሰው በግልጽ ንገሩት፦ ቦርሳ ኪስ ውስጥ አይጨመር፣ ሁለት ካርቶን መካከል ተደርጎ መጽሐፍ ውስጥ ይግባ። በፖስታ ካስመጣችሁ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይኑራችሁ፣ መከታተያ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ይሁን፣ ሻጩም ፖስታው ላይ «አይታጠፍ» ብሎ ይጻፍበት።

አያያዙ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ላሚኔት አታስደርጉት! ወረቀት ሲባል ሁሉ ወስደን በላስቲክ ማስጠበስ ለምዶብናል፤ ኮፒ ቤቱም ደስ እያለው ይሠራላችኋል። ሙቀቱና ሙጫው ግን ለዘላለም ካርዱ ውስጥ ይገባል፣ መመለሻ የለውም። ፕላስተርም፣ ሙጫ ያለው የፎቶ አልበምም አይሁን። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ የሚሸጠው ላስቲክ ከባድ የፕላስቲክ ሽታ ካለውና እጅ ላይ ከተጣበቀ አትጠቀሙበት፤ ሽታ የሌለውን ምረጡ፣ ከተጠራጠራችሁ ንጹህ ነጭ ወረቀት ፖስታ ይበልጣል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ናት፣ ክረምት ላይ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። ሳጥኑን ከውጭ ግድግዳ አርቁት፣ ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሩበት። ብልና በረሮ ወረቀት ይወዳሉ፤ በወር አንዴ ክፈቱና ተመልከቱ።

ካርዱ ላይ ምንም አትጻፉ፤ የምትጽፉት ፖስታው ላይ ነው፣ በእርሳስ። ሁለቱንም ገጽ በ600 ዲፒአይ ጥራት ስካን አድርጉ። የፋይሉን ስም በሰርጓጁ ቁጥር ጀምሩት፣ ከዚያ የሞተበት ቀን፣ ከዚያ የአባት ስም። እንዲህ ከሆነ የአንድ ሰርጓጅ ልጆች ራሳቸው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ሰርጓጁን ያገኛችሁለትን ካርድ ስካን ኩክስሃቨን ላለው የጀርመን ሰርጓጅ ሙዚየም መላክ ትችላላችሁ፤ በየሰርጓጁ ሰነድ ይሰበስባሉ። የሟቹ ዘመድ የሆነ ሰው አግኝቶ ከጻፈላችሁ ደግሞ ሙሉውን ስካን ከነፍለጋችሁ ላኩለት፣ ገንዘብ አትጠይቁት። ካርዱን ራሱን ከፈለገም በገዛችሁበት ዋጋ ስጡት።